ዜሮው የቱ ጋ ነው?

ልጆቼ፣

አንድ ወጣት መሐንዲስ «ስትሬይኑን ከየት ጀምሬ ልቁጠር?» ብሎ ጠየቀ፤ ስትሬይን ማለት አንድ ቁስ ከርዝመቱ አንጻር የተለጠጠበት ወይም የተጨመቀበት መጠን ነው። ይህች ጥያቄ ትንሽ ናት፤ ግን ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ የካርቦን ኢፖክሲ (በሬዚን፣ ማለትም በሚጠነክር ሙጫ የተያያዘ የካርቦን ፋይበር) ናሙና አለ፣ እሱን ቀሰቀሰችብኝ።

ናሙናው 16 ንጣፍ ነው፤ ግማሹ በ0፣ ግማሹ በ90 ዲግሪ። በአሉሚኒየም ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ላይ ሆኖ በኦቶክሌቭ (በግፊት በሚሠራ ምድጃ) በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሰዓት በሰለ። ውስጡ፣ ከ0 ዲግሪው ፋይበር ጋር ትይዩ፣ ብራግ ግሬቲንግ (አንድ የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚያንጸባርቅ ሴንሰር፤ ሲለጠጥ ወይም ሲሞቅ ያ ርዝመት ይቀየራል፣ የምናነበውም እሱን ነው) ያለበት የ125 ማይክሮን የብርሃን ፋይበር ተቀብሯል።

ዜሮው በክፍል ሙቀት ተያዘ። ይህ አንዱ ጥፋት ነው። ሲሞቅ ሬዚኑ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ሴንሰሩን ጨብጦ አይጎትትም። የሚነበበው ሙቀቱ ብቻ ነው። ዜሮው ሬዚኑ እንደ እርጎ የረጋበት ቅጽበት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። የኦቶክሌቩ በር ሲከፈት ንባቡን የሚመዘግበው መቅጃ ተዘጋ። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 23 ያህል ይኮማተራል፤ ናሙናው በጣም ጥቂት። ስለዚህ ሞልዱ ሲቀዘቅዝ ናሙናውን እያመቀ ይይዘዋል፤ ሲላቀቅ ንባቡ ይዘላል። የምንፈልገው ያንን ዝላይ ነበር፤ የቀዳው ግን የለም።

በ1550 ናኖሜትር አንድ ዲግሪ ንባቡን 10 ፒኮሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፣ አንድ ማይክሮስትሬይን (ከርዝመቱ የአንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ) ደግሞ 1.2። የ5 ዲግሪ ስህተት 40 ማይክሮስትሬይን መስሎ ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ግሬቲንግ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሙቀቱን ብቻ እንዲያነብ ልቅ አድርጋችሁ ከጎኑ አስቀምጡ፤ የቱቦውን አፍ በሲሊኮን ድፈኑ። ሬዚን ከገባበት እሱም ይያዛል፣ ማነጻጸሪያነቱ አከተመ። ሁለቱንም ቀድማችሁ በምድጃ ውስጥ ደረጃ በደረጃ አሙቁ፤ ያ በዲግሪ 10 ፒኮሜትር ያልነው በከፍተኛ ሙቀት ላይ ከፍ ይላል።

የብርሃን ፋይበሩ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መሃል ላይ ሳይሆን ከጠርዙ ሲወጣ ነው። የፈሰሰ ሬዚን እዚያ ይደርቅበትና ናሙናውን የሸፈነው ጨርቅ ሲላጥ ቀጭ ይላል። ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ የሚሆን የቴፍሎን ቱቦ አልብሱት። የፋይበሩ ሽፋን ፖሊኢማይድ (ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ) ይሁን፤ ተራው አክሪሌት 180 ዲግሪን አይችልም።

የዛሬ ልጆች ሶፍትዌሩ ግራፉን ካለሰለሰላችሁ ትረካላችሁ። የጎን ጫና የሚንጸባረቀውን ብርሃን የግራፍ ጫፍ ለሁለት ሲሰነጥቀው ሶፍትዌሩ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሐሰተኛ ስትሬይን ይጽፍላችኋል። ስለዚህ ሙሉ ስፔክትረሙን (የተንጸባረቀውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ) አስቀምጡ። የርጋታዋን ቅጽበት ግን እኔም ለሶፍትዌሩ እተዋታለሁ፦ ሁለቱን ግሬቲንጎች ደራርቦ የሚለያዩበትን ነጥብ ከዓይኔ ይልቅ አጥርቶ ያያል።

መቅጃውን ናሙናው ከሞልዱ ተላቅቆ ክፍል ሙቀት ላይ ካደረ በኋላ ዝጉት።