በአንበሳው ቦታ የተቀመጠችው ድመት

ጥያቄ፦ በቆዩ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማዎች መጨረሻ ላይ በወርቃማ ክብ ውስጥ ሆና «ሚያው» የምትለው ትንሽ ድመት የማን ምልክት ናት? ድርጅቱስ ዛሬም አለ?

መልስ፦ ድመቷ ሚምሲ ትባላለች። ተዋናይቷ ሜሪ ታይለር ሙር እና የያኔው ባለቤቷ ግራንት ቲንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት ኤምቲኤም ኢንተርፕራይዝስ ምልክት ነበረች። ኤምቲኤም የተዋናይቷ ስም መነሻ ፊደላት ሲሆኑ፣ አጠራሩ ከፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም ጋር ስለሚቀራረብ፣ በዚያ ኩባንያ ዝነኛ አንበሳ ላይ ለመቀለድ ሲባል በሚያገሳው አውሬ ፈንታ ድመት ተተካች።

ምልክቱን ከሌሎቹ የሚለየው እንደ ድራማው መለዋወጡ ነው። በ«ሂል ስትሪት ብሉስ» የፖሊስ ቆብ ደፍታ ትታያለች፤ በ«ኒውሃርት» ደግሞ «ሚያው» የሚለው ራሱ ተዋናዩ ቦብ ኒውሃርት ነው። የሐኪም ቤቱ ድራማ «ሴንት ኤልስዌር» በ1988 ሲጠናቀቅ ግን ሚምሲ ግሉኮስ ተተክሎላት፣ ከልብ ምት መከታተያ ጋር ተያይዛ በጎኗ ተኝታ ትታያለች፤ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አልፎ ሲያበቃም በመሣሪያው ላይ ይዘል የነበረው መስመር ቀጥ ብሎ ይቀራል። ቀልዱ ድመት ለሚወዱ ሰዎች ሳይከብዳቸው አይቀርም።

ኤምቲኤም በዚያው ዓመት ለብሪታኒያው የቴሌቪዥን ድርጅት ቲቪኤስ ተሸጠ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራውን አቆመ።