ሞተራችሁ በስንት ይሂድ? ለወጣት አሽከርካሪዎች

ልጆቼ፣ ከቃሊቲ ወጥታችሁ ወደ ገላንና ዱከም፣ ወይም ከአለም ገና ወደ ሰበታ ሞተር የምትነዱ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ነው፤ «በስንት ብሄድ ደህና ነኝ?» ቁጥሩን ከመንገሬ በፊት መለኪያውን ልስጣችሁ። ደህና ፍጥነት ማለት ዓይናችሁ በሚያየው ባዶ አስፋልት ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቆም የምትችሉበት ፍጥነት ነው። ከኋላ ክላክስ የሚያስጮኸው ሾፌር አይወስንላችሁም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በያንዳንዱ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትጓዛላችሁ። አደጋውን አይታችሁ ፍሬን እስክትይዙ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢያልፍ 25 ሜትር ሄዷል። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጎማውም ፍሬኑም ደህና ከሆነ፣ ለመቆም 23 ሜትር ያህል ይፈጃል። ድምሩ 48 ነው። በ80 ስትሄዱ ድምሩ ወደ 74 ይወጣል። በ60 ይሄድ የነበረው ልጅ ቆሞ እግሩን መሬት ባወረደበት ቦታ ላይ፣ በ80 የመጣው ጓደኛው ፍሬን ይዞም ገና በ64 እየበረረ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አይሱዙ ቆሞ ከሆነ የሚመታው በዚህ ፍጥነት ነው። የሚተርፈው ጊዜ ደግሞ በ15 ኪሎ ሜትር መንገድ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ በ125 ወይም በ150 ሲሲ ሞተር፣ ቀን፣ በደረቅና ክፍት መንገድ 60 ይበቃል ባይ ነኝ። መንደር ሲጀምር፣ ጋሪና ባጃጅ ሲበዛ፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ሠራተኛ ሲሻገር ወደ 40 ውረዱ። የፍጥነት ምልክቱ ከዚህ ዝቅ ካለ ምልክቱን አክብሩ። በሌላ በኩል፣ መኪናው ሁሉ በ60 በሚሄድበት መስመር መሐል በ30 መንፏቀቅም ከኋላ ያስገጫል። ሞተሩ ካልጎተተ ቀኝ ያዙና አሳልፏቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደርቦ መቅደም ነው። በ50 የሚሄድ 18 ሜትር ርዝመት ያለው ባለተሳቢ መኪና ከፊታችሁ አለ እንበል። እናንተ በ70 ልትቀድሙት ብትወጡ፣ ከኋላው 20 ሜትር፣ ከፊቱም 20 ሜትር ትታችሁ ለመግባት ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅባችኋል። በዚያ ጊዜ እናንተ 200 ሜትር ትጓዛላችሁ፤ ከፊት በ80 የሚመጣው ደግሞ 230 ሜትር ይቀርባል። ወደ 430 ሜትር የሚሆን ባዶ መንገድ ካላያችሁ አትውጡ። በዚያ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አለ፤ በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ነዳጅ ስትሰጡት እንዳሰባችሁት አይፈናጠርም። ሰው ከኋላ ከጫናችሁ ደግሞ ይብሳል።

ሲኖትራክ አጠገብ ስትሆኑ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ፈልጉት። ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። ክፉው ቦታ በቀኙ በኩል ያለው ነው፤ ሾፌሩ የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ ከጎማው ሥር ያለውን አያይም፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ተሳቢው ወደ ውስጥ እየጠበበ ይመጣል። ከኋላው ስትከተሉም ርቀቱን በሜትር ከመገመት ይልቅ በሰከንድ ለኩ። የመኪናው ጅራት አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» በሉ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ተጠግቶ የሚነዳ ጉድጓዱን የሚያየው ከመኪናው ሆድ ሥር ሲወጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ መሸሻ የለም።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ የጀመረባቸውን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ፍሩ። አቧራው፣ የፈሰሰው ናፍጣና ዘይት ውሃው ሳያጥባቸው ተቀላቅለው እንደ ሳሙና ይሆናሉ። ዘይት የሚጠራቀመው በመስመሩ መሐል፣ በመኪኖች ሁለት ጎማዎች መካከል ነው፤ እናንተ የመኪና ጎማ የሚረግጠውን ዱካ ያዙ። በእርጥብ መንገድ ያው 60 አደጋውን ካያችሁበት ጀምሮ ለመቆም 60 ሜትር ያህል ስለሚፈልግ 45 ላይ ሁኑ፤ ከፊት ካለው መኪናም አራት ሰከንድ ራቁ።

ማታ መለኪያው መብራታችሁ ነው። አጭሩ መብራት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው 40 ሜትር ገደማ ነው። በ50 ለመቆም 37 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ግን ጨለማ ውስጥ እየገባችሁ ነው። የተበላሸ መኪና ቆሞ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል፤ መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ለመኪና ጎማ ቀላል ነው፤ የሞተርን የፊት ጎማ ግን ከመስመሩ ያስወጣል።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችሁ «ይገለብጣል» ብላችሁ የፊቱን አትነኩትም፤ ስህተት ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያርፍ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የሚገለብጠው ወይም የሚያንሸራትተው ድንገት ሲጨበጥ ወይም ታጥፋችሁ ሳለ ሲያዝ ነው። ቀጥ በሉ፣ ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው ቀስ እያላችሁ አጥብቁት፣ የኋላውንም አብራችሁ ርገጡ።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ካገኛችሁ ሞክሩት። አስፋልት ይሁን፤ አሸዋ አይኑረው። በ40 መጥታችሁ አንድ ምልክት ላይ ስትደርሱ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፤ ከምልክቱ እስከ ቆማችሁበት ድረስ በሜትር ለኩ። ከ10 እስከ 11 ሜትር ከሆነ መልካም ነው። 15 ካለፈ ወይ እጃችሁ ገና አልለመደም፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ መካኒክ ዘንድ ሂዱ። ከዚያ ጓደኛችሁን ከኋላ ጭናችሁ በ30 ጀምሩ፤ የሚረዝመውን ርቀት ራሳችሁ ለኩት።