«ሚቲንክስ» እና «ይመስለኛል»

ጥያቄ፦ የሼክስፒር «ሐምሌት» ላይ ንግሥቲቱ፣ በቲያትሩ ውስጥ በሚታየው ሌላ ቲያትር ላይ ስለምትጫወተው ተዋናይት ስትናገር፣ «ዘ ሌዲ ደዝ ፕሮቴስት ቱ መች፣ ሚቲንክስ» ትላለች። የመጨረሻዋን ቃል እኔ «አስባለሁ» ብዬ ተረጎምኳት። ጓደኛዬ «ይመስለኛል» ነው ይለኛል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ፍርዱ ለጓደኛዎ ነው። የ«ሚቲንክስ» «ሚ» የእኛው «ኝ» ናት፤ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለችም። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ደግሞ የሦስተኛ መደብ «ይ» ናት። «ይ»፣ «መሰለ»፣ «ኝ»፤ ሦስቱም ቁጭ ብለዋል።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ግሦች ነበሩ፦ «ቴንቻን» ማሰብ፣ «ቲንቻን» መምሰል። ዘመዳሞች ናቸው። ድምፃቸው እየተቀራረበ ሄደና አሳቢው መሳዩን ዋጠው። «ሚቲንክስ» ከጉሮሮው አምልጣ ቀረች። ጀርመኖች «ዴንከን» እና «ዲዩንከን» ብለው ሁለቱንም ይዘዋል፤ ሁለተኛው እነሱም ዘንድ አርጅቷል እንጂ።

የእኛው «አሰበ» ከግእዙ «ሐሰበ» ነው፤ መቁጠር፣ ማስላት። ባሕረ ሐሳብ የበዓልና የአጽዋማት ስሌት ነው እንጂ ትካዜ አይደለም። «መሰለ» ግን የምስልና የምሳሌ ወገን ነው። ነገሩ ራሱ መልክ ይዞ ይመጣብዎታል፤ እንደ «ራበኝ»፣ እንደ «በረደኝ»። ከጥያቄዎ እንደራቅኩ ይገባኛል። («ይገባኛል»ም እዚያው ቤት ናት።)

እናቴ ደመና ስታይ «የሚዘንብ መሰለኝ፤ በርበሬውን አስገቡ» ትል ነበር። ምን አሰበች? አየች እንጂ! ዛሬ ቢሆን «ይዘንባል ብዬ አስባለሁ» ተብሎ በርበሬው ይበሰብሳል።

«ይመስለኛል» ጥርጣሬ ነው፣ «ብዬ አስባለሁ» ግን የበሰለ አቋም ነው የሚሉ አሉ። አቋም ያለው ሰው «እላለሁ» ይበል! «በእኔ አስተያየት» የት ሄደ? ይህ «ብዬ አስባለሁ» የእንግሊዝኛው «አይ ቲንክ» አማርኛ ለብሶ የመጣ ነው፤ እዚያ «መምሰል»ን የዋጠው ግስ እዚህም አፉን ከፍቷል።

እርግጥ ነው፣ ልዩነቱን ዛሬ ብዙ ሰው ይሰማዋል፤ ስህተት ነው ልል አልችልም። ጆሮዬን ይጎረብጠዋል፣ በቃ። ባለፈው አንድ ስብሰባ ላይ «ጊዜው አጭር ነው ብዬ አስባለሁ» ስል ራሴን ያዝኩት። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ወደ ንግሥቲቱ ስንመለስ፣ እዚያ መስመር ላይ ያለው «ፕሮቴስት» በዘመኑ አጥብቆ መማል ነበር፤ ተዋናይቷ ባሌ ቢሞት ሌላ አላገባም እያለች ትምላለች። እኔ ብሆን እንዲህ እተረጉመዋለሁ፦ «ሴትዮዋ መሐላ አበዛች መሰለኝ።»