በፒኤንፒ ወደ ካናዳ ለምትመጡ፦ ሙያችሁን መጋዘን ውስጥ አትቅበሩት

የማኒቶባ ክፍለ ሀገር (ፕሮቪንስ) ዋና ከተማ ዊኒፔግ ከገባሁ አስራ አምስት ዓመት አለፈኝ። በፒኤንፒ (በፕሮቪንስ ዕጩነት) የመጡ ብዙ ልጆች ከኤርፖርት ተቀብያለሁ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ቀላሉ ነው። እሱን ቶሎ ልጨርስና ወደሚያቃጥለኝ ጉዳይ ልግባ።

1. ወረቀቱ

ፒኤንፒ አንድ ፕሮቪንስ «ይህ ሰው ያስፈልገኛል» ብሎ ለቋሚ ነዋሪነት ለፌዴራል መንግሥቱ የሚያጭበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማኒቶባ ጀመረችው። ኬቤክና ኑናቩት የሉበትም። በኤክስፕረስ ኢንትሪ (አመልካቾች በነጥብ በሚወዳደሩበት የፌዴራል መንገድ) በኩል ከሆነ መታጨቱ 600 ነጥብ ይጨምርላችኋል። ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ የቋንቋ ፈተና ውሰዱ፤ የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው። የሥራ ደብዳቤ ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ሌባ ነው። በሐሰት ሰነድ ከተያዛችሁ 5 ዓመት የምትታገዱት እናንተ ናችሁ፣ እሱ አይደለም።

2. ነጋዴ ከሆናችሁ

ማኒቶባ መጀመሪያ ለሥራ ፈቃድ የድጋፍ ደብዳቤ ትሰጣለች፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ፌዴራል መንግሥቱ ነው። ድርጅቱን ከፍታችሁ ስትሠሩ ካየች በኋላ ነው የምታጨው። ዊኒፔግና ዙሪያዋ ላይ ቢያንስ 250,000 ዶላር ማፍሰስ ይጠበቅባችኋል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም በሰነድ ታሳያላችሁ። ከዘመድ አሰባስባችሁ አትሞክሩት።

3. ሙያችሁ

ፕሮቪንሱ የመረጣችሁ በሙያችሁ ነው። መታጨት ግን ላይሰንስ አይደለም! ነርስ ከሆናችሁ የነርሶች ኮሌጅ በሚባለው (ትምህርት ቤት ሳይሆን ላይሰንስ የሚሰጥ አካል ነው) መመዝገብና ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለባችሁ። ሳይመዘገቡ ኢንጂነር ነኝ ብሎ መሥራት ቀርቶ ስሙን መጠቀም እንኳ በሕግ ክልክል ነው። ይህን ሀገር ቤት እያላችሁ ጀምሩት። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል። እዚህ ከመጡ በኋላ ሬጅስትራር ቢሮ የሚመላለስ ዘመድ መለመን ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።

እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነበርኩ። መንገድ ሠርቻለሁ፣ ድልድይ ሠርቻለሁ። እዚህ ስመጣ መጋዘን ገባሁ። «ለስድስት ወር ነው» አልኩ። በሁለተኛው ወር ስልክ ተደወለ፤ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ላክሁ። ቀጥሎ የእናቴ ቤት ጣሪያ። ቀጥሎ «ርካሽ ቦታ ተገኝቷል፣ እንዳያመልጥህ» ተባለ። ሁለተኛ ሥራ ያዝኩ፣ የሌሊት። የመመዝገቢያው ክፍያ በአንድ ወር ከምልከው ያንስ ነበር። ገንዘብ አልጎደለኝም። እምቢ ማለት ነው ያቃተኝ። በዚያ ቦታ ላይ የጀመርኩት ቤት ዛሬም በር የለው፣ መስኮት የለው፤ ብረቱ ዝጎ ቆሟል። ማመልከቻውን ግን አንድም ቀን አላስገባሁም። ልጄ ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ስትባል ሣጥን ይጭናል አለች። እውነቷን ነው።

ቤተሰብ እርሱ አላልኩም። የእናት መድኃኒት ይላክ፣ የታመመ ይታከም። ሠርግና ድግስ ግን ይጠብቅ። ቤት ግንባታም ይጠብቅ። ይህን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሯቸው። ሳሎን ቁጭ ብላችሁ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ታላላቆቹ ባሉበት «ሁለት ዓመት ታገሱኝ፣ ልማር ነው» በሉ። ከተሻገራችሁ በኋላ በስልክ እምቢ ማለት አይቻልም። እናታችሁ መስመር ላይ ሆና ዝም ስትል አንጀታችሁ አይችልም።

መጋዘን አትግቡም አላልኩም። የቤት ኪራይ መከፈል አለበት። ግን የገባችሁ ቀን ለፈተናው ቀን ቁረጡ፣ ከደመወዛችሁም ለእሱ አስቀምጡ።

ባለፈው ወር የተቀበልኩት ልጅ ኤሌክትሪሻን ነው። መኪና ውስጥ «ለጊዜው መጋዘን ልግባ፣ ለስድስት ወር» አለኝ። መንዳት አቃተኝ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከድሮ አሠሪዎቹ የሠራበትን ሰዓት የሚገልጽ ደብዳቤ ካመጣ ለሬድ ሲል (በመላ ካናዳ ለሚታወቀው የእጅ ሙያ ማረጋገጫ) ፈተና መቀመጥ ይችላል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰነዱን ይዞ ቤቴ ይመጣል፤ ቅጹን አብረን እንሞላለን። ዊኒፔግ ያላችሁ ሌሎቻችሁም ኑ፣ ወንበር አለ።