«ጀልባዋ የታለች?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ በትምህርቷ ጎበዝ፣ ለታላላቆቿ ታዛዥ ናት። ከክረምቱ ወዲህ ግን ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልኳ የምታየው ስለ ነፍሰ ገዳዮች ብቻ ሆኗል። ከሁሉ በላይ ቴድ ባንዲ የሚባል አሜሪካዊ ቀልቧን ወስዶታል። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ «እማዬ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት እንደነበረው ብታውቂ! መልኩ ደግሞ በፍጹም ገዳይ አይመስልም» ስትለኝ ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አባቷ ስልኩን ቀሚያት ይለኛል። ልቀማት? ለመሆኑ ሰውየው እሷ እንደምትለው ሊቅ ነበር? እርስዎ ብዙ ዘመን ፍርድ ቤት ስለሠሩ ነው የምጠይቅዎ።

የቸገራት እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ስለ ልጅሽ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። በመጀመሪያ የአባቷን ነገር ልመልስ። ስልኩን አትቀሟት። ብትቀሟት ከጓደኛዋ ስልክ ታየዋለች፣ ለአንቺ መንገሩን ግን ትተወዋለች። አሁን ቢያንስ ቡና ላይ ቁጭ ብላ የደነቃትን አጫውታሻለች። ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ ማየቱ ግን ይቅር። የምታየውን በቀን፣ ሳሎን ውስጥ፣ አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ ትይ።

ወደ ሊቅነቱ ልምጣ። ባንዲ እ.ኤ.አ. በ1946 በቬርሞንት ግዛት ተወልዶ በምዕራብ አሜሪካ፣ ታኮማ ከተማ ያደገ ሰው ነው። በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመረቀ። የሕግ ትምህርት ሁለት ቦታ ጀምሮ አንዱንም አልጨረሰም። ሦስት ጊዜ ተይዟል፤ በ1975 በዩታ፣ በ1977 በኮሎራዶ፣ በ1978 በፍሎሪዳ። ሦስቱንም ጊዜ የያዘው መንገድ ላይ መኪናውን ያስቆመ ተረኛ ፖሊስ ነው። የተራቀቀ አእምሮ ያለው ሰው በተሰረቀ መኪና ሌሊት እየተንገዳገደ ሲነዳ ይያዛል?

ታዲያ እንዴት ያን ያህል ጊዜ ሳይነካ ቆየ ትዪኝ ይሆናል። የገደለው በተለያዩ ግዛቶች ነበር፤ የአንዱ ግዛት ፖሊስ ደግሞ ያኔ የሌላውን መዝገብ አያይም ነበር። ፍቅረኛው እንኳ በ1974 ጥርጣሬዋን ለፖሊስ ደውላ ተናግራ ነበር። ጥቆማዋ ከሚጎርፈው የጥቆማ ክምር ጋር ተደባለቀ፤ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ የሕግ ተማሪ እንዲህ ያደርጋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ኤፍ ቢ አይ በየግዛቱ የሚፈጸሙ ግድያዎችን የሚያገናዝብበት ሥርዓት የጀመረው በ1985 ነው። ሁለት ጊዜም ከእስር አምልጧል፤ አንዴ ብቻውን ከተተወበት የፍርድ ቤት ቤተ መጻሕፍት በመስኮት ዘሎ፣ አንዴ የእስር ክፍሉን ኮርኒስ ቀዶ። ከሁለተኛው ማምለጥ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ፣ በተኙበት ሁለት ተማሪዎችን ገደለ፤ ቀጥሎም የ12 ዓመት ሕፃን። ይህንን ለልጅሽ ስትነግሪያት ሊቅነት አትበይው። የጠባቂዎች እንዝህላልነት ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ሴቶች ናቸው።

የሊቅነቱን ወሬ ካጸኑት አንዱ ዳኛው ናቸው፤ ይህንን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። በ1979 ማያሚ ላይ ችሎቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ዳኛ ኤድዋርድ ካዋርት ሞት ከፈረዱበት በኋላ ጎበዝ ጠበቃ ይወጣህ ነበር፣ ፊቴ ቆመህ ስትከራከር ባይ ደስ ይለኝ ነበር አሉት። ራስህን ጠብቅም ብለውታል። ይህ ቅንጭብ በየፊልሙ ይደጋገማል። የሞቱት ልጆች ምን ይሆኑ እንደነበር ግን ማን ተናገረላቸው?

እኔ ፍርድ ቤት የሠራሁት በአስተርጓሚነት ነው። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መዲና፣ የሥራ ቋንቋውም አማርኛ በነበረበት ዘመን፣ ከሲዳማ ገጠር የሚመጡ ምስክሮችና ተከሳሾች በሲዳምኛ የሚሰጡትን ቃል ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። አስተርጓሚ «ገደልኩ ይላል» አይልም፤ «ገደልኩ» ነው የሚለው። በዚህ አፌ ሰው ገደልኩ ብያለሁ፣ በዚሁ አፌ ልጄን ቀበርኩ ብያለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው «እኔ» ማለትን ሲሸሽ ቶሎ ይሰማኛል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ የለቀቀውን ባለ አራት ክፍል ዘጋቢ ፊልም የወንድሜ ልጅ አሳይታኛለች፤ ልጅሽም ያየችው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። መሠረቱ በ1980 ሁለት ጋዜጠኞች እስር ቤት ውስጥ የቀዱት የሰውየው ድምፅ ነው። አልገደልኩም ብሎ ስላስቸገረ፣ አንደኛው ጋዜጠኛ እስቲ እንደ ባለሙያ ሆነህ ገዳዩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገምትልን አለው። ያኔ አፉ ተከፈተ። እሱ እንዲህ አሰበ፣ እሱ እንዲህ ተሰማው እያለ ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ተረከ። እኔ የሠራሁባቸው ዳኞች ቢሆኑ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እሱ ማን ነው?» ብለው ያስቆሙት ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሌሎችም ይናገራሉ፤ ክሩን ይዞ የሚጎትተው ግን የእሱ ድምፅ ነው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ስለ ሰውየው ቁንጅና የሚወራው በመብዛቱ ድርጅቱ ራሱ ለተመልካቾቹ ማሳሰቢያ እስከ መጻፍ ደርሷል። 30 ሴቶችን ገድያለሁ ብሎ ያመነው በጥር 1989 በኤሌክትሪክ ወንበር ከመገደሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ማምለጫ ሲያጣ ነው።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል፤ ከአለታ ወንዶ በኩል ነበር የመጡት። ልጃቸው ተገድላለች። ዐቃቤ ሕጉ «ሟች በዕለቱ ምን ለብሳ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። የነጠላቸውን ጫፍ እየቋጠሩና እየፈቱ፣ «ቀሚሷን አጥባ አጥር ላይ አስጥታው ነበር፤ እስኪደርቅ ብላ የእኔን ለበሰች» አሉ። እኔም በአማርኛ «የእኔን ለበሰች» አልኩ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ያ ቀሚስ አጥሩ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ማንስ እንዳወረደው እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የባንዲም ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶታል፤ ለልጅሽ እሱን አሳያት። ሊንዳ አን ሂሊ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ የተራራውን የበረዶ ሁኔታ ለአድማጭ ታነብ ነበር። የካቲት 1 ቀን 1974 ንጋት ላይ የማንቂያ ሰዓቷ ጮኸ፤ የሚያጠፋው ጠፋ። ለምን ቀረች ብሎ የደወለው ከሬዲዮ ጣቢያው ነበር።

ካሮል ዳሮንች ደግሞ አለች። በኅዳር 1974 በዩታ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሳለች ባንዲ ፖሊስ ነኝ አላት፤ መኪናሽን ሊሰብሩ ሲሞክሩ ተያዙ ብሎ አስከተላት። ዕድሜዋ 18 ነው። መታወቂያህን አሳየኝ ብላዋለች፤ ባጅ ብጤ ብልጭ አደረገላት። መኪናው ውስጥ ካቴና ሊያስራት ሲታገል ሁለቱንም ቀለበት በአንድ እጇ ላይ ቆለፈው። ታግላ ከመኪናው ወጣች፤ በመንገዱ የሚያልፉ ባልና ሚስት አነሷት። በ1976 ዳኛ ፊት ቆማ ይህ ነው ብላ ጠቆመችበት፣ ተፈረደበትም። ስንት ዓመት ሙሉ «እኔ» እያለች የመሰከረችው እሷ ናት። የእኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ፣ በ2020 የወጣ ሌላ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ የቀድሞ ፍቅረኛውና ልጇ፣ ከእጁ የተረፉም ሴቶች በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት ነው። ልጅሽ ማየት ካማራት ያንን እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ከተማችን ሐይቅ ዳር ይዘሻት ሄደሽ ብትነግሪያት እወዳለሁ። ሐምሌ 14 ቀን 1974 እሑድ ነበር፤ በሲያትል አቅራቢያ ሳማሚሽ የሚባል ሐይቅ ዳር ሕዝቡ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል። ልክ በበዓል ቀን የሐይቃችን ዳር መናፈሻ፣ አሞራ ገደል፣ እንደሚሞላው አድርገሽ አስቢው። ባንዲ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጀልባዬን ከመኪና ላይ አውርጂልኝ እያለ ሴቶችን ይለምን ነበር። በዚያ አንድ ቀን ሁለት ሴቶችን ወሰደ። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው የታመመ እርዱ፣ ታላቅ ሲያዛችሁ እምቢ አትበሉ እያልን ነው፤ እሱ ያደነው በዚሁ ደግነት ነው። አንዲት ወጣት ግን አብራው እስከ መኪናው ሄደች፤ ስታይ ጀልባ የለም። ጀልባዋ የታለች ብላ ጠየቀችው። «ከወላጆቼ ቤት ነው የምናመጣት፣ መኪናው ውስጥ ግቢ» አላት። ይቅርታ ብላ ተመለሰች።

ልጅሽ ይህንን ጥያቄ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ከአንቺ አፍ ትስማ። ፖሊስ ነኝ ላላትም፣ የአባትሽ ጓደኛ ነኝ ላላትም፣ በባጃጅ ላድርስሽ ላላትም መጠየቅ ትችላለች። ጠይቃ መልሱ ካላማራት፣ ሰው ቢቀየማትም እንኳ፣ ወደ መጣችበት ትመለስ። የቀረ ጥያቄ ካላት ደግሞ ራሷ ትጻፍልኝ፤ ለእሷም እመልስላታለሁ።