በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ እስከ ስንት ሜትር ያድናል?

ጥያቄ፦ በመጪው መስከረም ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ለማደን ፈቃድ አግኝቻለሁ። ጠመንጃዬ ካሊበሩ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) .54 ኢንች ሲሆን በጨርቅ የተጠቀለለ ድቡልቡል አረር ይተኩሳል። ባሩዱን ብጨምርበት በ150 ሜትር መግደል እንደሚችል ጓደኞቼ ነግረውኛል። እውነት ነው?
(ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በ150 ሜትር ሰሌዳ መምታት ይቻል ይሆናል፤ ኤልክ ላይ ግን በዚያ ርቀት እንዳይተኩሱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የእርስዎ አረር 15 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከአፈሙዙ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ፍጥነት ቢወጣም ቅርጹ አየር ለመሰንጠቅ ስለማይመች 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ከሲሶ በላይ ፍጥነቱን፣ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ባሩድ ሲጨምሩ አየሩ አረሩን የሚገታበት ኃይልም አብሮ ስለሚበረታ፣ ከሩቅ የሚገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ጠመንጃውን የሠራው ድርጅት ከወሰነው መጠን ማለፍ ደግሞ አደጋ ነው። ጭስ አልባ ባሩድማ ፈጽሞ አይገባበትም፤ አፈሙዙን ይሰነጥቀዋል።

እንደ እኔ እምነት 300 ኪሎ ለሚመዝን ወንድ ኤልክ ወሰንዎ 70 ሜትር ሊሆን ይገባል፤ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባው ላይ ማነጣጠር ነው። ይህን ያህል መቅረብ ከባድ ቢመስልም መስከረም የኤልክ መራቢያ ወቅት በመሆኑ ወንዱ በየሸለቆው ይጮኻል፤ ነፋሱን በፊትዎ ተቀብለው ድምፁን መከተል ይችላሉ። የግዛቱ ሕግም በዚህ ወቅት ቴሌስኮፕ መግጠምን የሚከለክል ስለሆነ አደኑ የተሠራው ለቅርብ ርቀት ነው። ለኤልክ የሚጠየቀውን ዝቅተኛ .50 ካሊበር ግን የእርስዎ መሣሪያ ያሟላል።

ከርቀቱ እኩል የሚያሳስበኝ አጎራረሱ ነው። አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት፤ በመካከላቸው ክፍተት ከቀረ ብረቱ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በትክክል ሲጎርስ አረሩን ወደ ውስጥ የሚገፉበት ዘንግ አፈሙዙ ጋ የሚደርስበትን ቦታ በቢላ ጭረት ምልክት ያድርጉበት፤ ጫካ ውስጥ ጭረቱ ከአፈሙዙ በላይ ከታየ አረሩ አልወረደም ማለት ነው። ምላጩን ስበው ካልተኮሰም ቢያንስ አንድ ደቂቃ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዙ ይቆዩ፤ እርጥበት የነካው ባሩድ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል።

ከተኮሱ በኋላ ጭሱ እይታዎን ይጋርደዋልና እንስሳው የቆመበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ አስቀድመው ይለዩ። ከዚያ ጠመንጃዎን ወዲያው እንደገና አጉርሰው፣ ወድቆ ካላዩት በስተቀር ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው የደሙን ፈለግ ይከተሉ።