ወንድሜ ኮኬይን ካቆመ በኋላ ፊቱ አልፈታ አለ፤ አንጎሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ አውሮፓ ሳለ ኮኬይን ለምዶ ነበር። አሁን ባሕር ዳር እኔ ጋር ነው፤ ካቆመ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ግን አይስቅም፣ አይጫወትም። ኮኬይን የአንጎልን ግንኙነት ይበጥሳል ሲሉ ሰማሁ። አዲስ አበባ ወስጄ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ላስነሳው? ለእንቅልፉ ዲያዜፓም እየገዛሁ እሰጠዋለሁ። ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል፤ ከኮኬይን ይሻላል ብዬ ዝም ብያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ኤምአርአይ ነው። ያስፈራዎት ግን ወንድምዎ እንደ ድሮው ላይሆን ነው የሚለው ይመስለኛል። እንደ ድሮው ይሆናል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ደስታ እንዲሰማን ከሚያደርጉት የአንጎል ኬሚካሎች አንዱ ዶፓሚን ነው። ኮኬይን ዶፓሚን ወደመጣበት እንዳይመለስ ስለሚያግድ አንጎል በዶፓሚን ይጥለቀለቃል። ይህ ሲደጋገም አንጎል ዶፓሚንን የሚቀበልባቸውን በሮች ይቀንሳል። ኮኬይኑ ሲቆም እንግዲህ የእናት ቡናም፣ ማታ ጣና ዳር መቀመጥም አይጥምም። እርስዎን ስለጠላ አይደለም። ወራት ይፈጃል፣ ግን ይሻሻላል።

ግንኙነቱም አልተበጠሰም። የተለወጠው የአንጎል ክፍሎች አብረው የሚሠሩበት መንገድ ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የ53 ታካሚዎችን የአንጎል ግንኙነት አይተው፣ በ12 ሳምንት ሕክምና ማን ከኮኬይን ርቆ እንደሚቆይ ለመተንበይ ችለዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የምርምር ሥራ ነው። ሆስፒታል የሚነሳው የተለመደው ኤምአርአይ ይህን አያሳይም። ገንዘብዎን ይያዙ።

አሁን ወደ ጫቱ። "ከኮኬይን ይሻላል" የሚለውን ስንቱ ቤተሰብ ይነግረኛል መሰለዎት! እኛ አገር ጫት እንደ ሱስ ስለማይቆጠር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። እሱም ያንኑ ዶፓሚን ነው የሚነካካው። ያ አንጎል ሊያርፍ ሲል እንደገና እየቀሰቀሱት ነው። ደግሞ ነገሩ በርጫው ላይ አያበቃም። ምርቃናው ሲመጣ እንቅልፍ ይጠፋል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። ሰው ከጠጣ በኋላ ደግሞ "አልነካም" ያለው ሁሉ ይላላል፤ የኮኬይን ሐራራ የሚነሳው ያኔ ነው። ቢያገኝና ከአልኮል ጋር ቢወስደው ሁለቱ ጉበት ውስጥ ተዋህደው ኮካኤቲሊን የሚባል፣ ልብን የበለጠ የሚጎዳ ነገር ይፈጥራሉ። በማግስቱ ድብርቱ ይብሳል፤ እርስዎም "አንጎሉ ተበላሸ" ይላሉ። እንቅልፍ ያጣውም በከፊል በጫቱ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ደግሞ ዲያዜፓም ይሰጡታል!

ቆይ፣ ማን አዘዘለት? ዲያዜፓም ራሱ ሱስ ያስይዛል። ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። አንድ ሱስ እናስወግድ ብለን ሌላ እየተከልን ነው። ግን ተናደው ዛሬውኑ እንዳይጥሉት፤ ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ካቋረጠ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስለታል።

ኮኬይንን የሚያስቆም ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የሚረዳው የንግግር ሕክምናና ተከታታይ ክትትል ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ሲሄዱ የሚወስደውን ክኒን ከነማሸጊያው ይያዙ። ጫቱንም አይደብቁ።

"መኖር ሰለቸኝ" ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻውን ሳይተዉት ያኑ ቀን ይዘውት ይሂዱ። ደረቱን ከጨነቀው ወይም ካመመው ደግሞ ወጣት ነው ብለው እንዳይዘናጉ። ኮኬይን የልብን ደም ሥር ስለሚያጠብ በወጣትነትም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ምን እንደወሰደም ሳያፍሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።